«ፒክ አፑ ፈላ!» ሲባል መጀመሪያ ምን እንይ?

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ የሹፌርና የመካኒክ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሞያሌና በአካባቢዋ ውሃ የሚያመላልሰው፣ ምጥ የያዛትን እናት ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ ከገበያ እህል የሚጭነው አሮጌ ፒክ አፕ ነው። ቶዮታ ሂሉክስ ይሁን ላንድ ክሩዘር፣ ብዙዎቹ የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕድሜ አላቸው። እነዚህ መኪኖች መንገድ ላይ ሲፈሉ የሚቸገረው ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተጫነው ሁሉ ነው።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያ መንገድ ድሮ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ አስፋልቱ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ነው። አስፋልት ሆነ ማለት ግን ለሞተር ቀለለ ማለት አይደለም። መኪናው ከሞያሌ ይወርድና በጠራራ ፀሐይ የሚነደውን ሜዳ አቋርጦ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ማርሳቢት ተራራ ይወጣል። በኢትዮጵያ በኩልም ወደ ሜጋ የሚወስደው ዳገት አለ። ጭነት ሞልቶ፣ ሙቀቱ ከላይ ሆኖ፣ ዳገት ሲጨመርበት የሞተሩ ድካም ሁሉ ይወጣል።

ሞተር ለምን ይሞቃል?

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ሙቀት በውሃው በኩል መውጣት አለበት። ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይዞርና ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይመጣል፤ እዚያ ነፋስ ያቀዘቅዘውና ይመለሳል። ውሃውን የሚገፋው የውሃ ፓምፕ ነው፣ ነፋሱን የሚስበው ቬንትሌተር ነው፣ መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ነው፣ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከነዚህ አንዱ ሲሰንፍ ሞተሩ ይፈላል። ስለዚህ ጥያቄው «ሞተሩ አለቀ ወይ?» ሳይሆን «ከአራቱ ሥራውን የተወው የትኛው ነው?» መሆን አለበት።

ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሞያሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ96 ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ላይ «0.9» የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ያ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የውሃውን መፍያ በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀርና መኪናው እንደ ሻይ ጀበና ይፈላል። እንግዲህ ከሁሉ ርካሽ የሆነው ዕቃ የውዱን ሞተር ዕድሜ ይወስናል ማለት ነው።

«መቼ ነው የሚሞቀው?»

ሦስት ቤተሰቦች ተጋርተው የሚያሠሩት አንድ አሮጌ ሂሉክስ እናውቃለን። ዳገት ላይ በተደጋጋሚ ሲፈላባቸው ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት። «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» ተባሉ። የተጠየቁት ገንዘብ የሁለት ፍየል ዋጋ ሳይሆን የመንጋ ዋጋ ነበር። ፍየሎቹ ለገበያ ሊነዱ ሲሉ፣ ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ፤ መቼ ነው የሚሞቀው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ጭነን ዳገት ስንወጣ ብቻ ነው። ቆሞ ሲሠራ ምንም አይል» አሏቸው። ሽማግሌው ዘይቱን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑን ከፍተው አስነሡት፤ አረፋ የለም። ከዚያ ጎንበስ ብለው በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የኤሲ መረብ መካከል አዩ። የሣር ፍሬ፣ ጭቃና የሞተ ነፍሳት ተጠቅጥቆ እንደ ግድግዳ ሆኗል! ውሃ በቀስታ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየለቀቁ ሲያጥቡት ዋሉ። መኪናው ዳገቱን ወጣ፤ ፍየሎቹም ከበረታቸው አልወጡም።

ከዚህ የምንማረው የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። መልሱ መንገዱን ያሳያል።

ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ የሚሞቅ፣ ፍጥነት ሲይዝ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ቬንትሌተሩ ላይ ነው። ፈጥኖ ሲሄድ ነፋሱ በራሱ ይገባል፣ ሲቆም ግን የሚስበው ቬንትሌተሩ ብቻ ነውና። ነፋስ ከኋላ እየነፈሰ በዝግታ ሲኬድም እንዲሁ ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፍ አየር ይቀንሳል።

ቆሞ ደህና ሆኖ፣ ሲጭን፣ ሲፈጥንና ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ በውጭ ወይም በውስጥ ተደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል እንላለን። የያዘ ፍሬንና የሚያንሸራትት ፍሪሲዮንም ሞተሩን በከንቱ ያደክማሉ፤ እነሱንም ማየት ነው።

ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚፈላ ከሆነ ውሃው አይዞርም፤ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም ደግሞ የቴስታታ ጋስኬት አለቀ።

የውሃ መጠኑ ሁልጊዜ የሚቀንስ፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የማይታይ ከሆነ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ምርመራው ሁልጊዜ ከማያስከፍለው ይጀምር። ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ በጠዋት፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

አንደኛ፣ ውሃው። ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቷል? ዝገት መስሏል? ዝገት ካለ ውስጡ እየተደፈነ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያፈስ ቦታ። የጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ጨመቅ አድርጉ፤ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ መለወጥ አለበት። በማሰሪያዎቹ ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅሪት ካለ እዚያ ያፈሳል። የውሃ ፓምፑን ከሥር እዩት፤ ከትንሿ ቀዳዳው ውሃ የሚወርድ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ሦስተኛ፣ ክዳኑ። መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የላይኛው ቱቦ እንደ ተጠባ ጡጦ ተጣብቆ ከተገኘ፣ የክዳኑ የመመለሻ ቫልቭ አይሠራም። ክዳን ሲገዛ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ቺንጋው። ላልቶ ወይም ዘይት ነክቶት ካንሸራተተ ፓምፑም ቬንትሌተሩም ይሰንፋሉ።

አምስተኛ፣ ቬንትሌተሩ። በብዙ ሂሉክስና ላንድ ክሩዘር ላይ መሐሉ ላይ ፈሳሽ ያለበት ክብ ነገር አለ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅ ስታዞሩት ከበድ ማለት አለበት። እንደ ልጆች የወረቀት መዘውር በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ ሞቷል።

ስድስተኛ፣ የራዲያተሩ ፊት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ማርሳቢትንና አካባቢውን ሲወርር ያየ ሰው፣ ነፍሳት መረብ ላይ ምን እንደሚያደርጉ አይጠፋውም። ሲታጠብ በኃይለኛ ግፊት አይሁን፤ ቀጫጭን ክንፎቹ ይተኛሉ።

ሰባተኛ፣ ቴርሞስታቱ። አውጥታችሁ በክር አንጠልጥሉና ውሃ ባለበት ሱፈሪያ ውስጥ አፍሉት። ላዩ ላይ የሚከፈትበት ሙቀት ተጽፏል፤ 82 ወይም 88 ሊሆን ይችላል። ውሃው እየፈላ ምንም ካልተከፈተ ይጣል። ግን ተጠንቀቁ፤ በእኛ ከፍታ ውሃ በ96 ስለሚፈላ፣ 88 የሚለው መከፈት ቢጀምርም ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ስምንተኛ፣ የቴስታታ ጋስኬት። ወደዚህ የምንመጣው ሌላው ሁሉ ደህና ሲሆን ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ወይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ወዲያው እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ቱቦ ምልክቶች ናቸው። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ጥቂት አየር መውጣቱ ያለ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ግን የተቃጠለ ጋዝ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር

ይህን ከብዙ ሹፌር እንሰማለን። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት፣ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይም ያስፈልጋል።

ጌጁንም ብቻ አትመኑ። ውሃው ጨርሶ ካለቀ፣ ሙቀት የሚለካው ዕቃ አየር ላይ ይቀርና መርፌው «ቀዝቃዛ ነው» ሊል ይችላል። ጌጁ በድንገት ወርዶ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ወይም የማቃጠል ሽታ ከመጣ ቁሙ።

ውሃን በተመለከተ፣ በአካባቢያችን ያለው የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ የሚበዛበት ጊዜ አለ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ከተገኘ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ሲሆን ደግሞ ዝገትን ይከላከላል፣ ቶሎም አይፈላም።

መንገድ ላይ ሲፈላ

ጌጁ መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ማጥፋት፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። ለተሳፋሪው ስቃይ ነው፣ ለሞተሩ ግን እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ካልወረደ፣ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት። ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ሰው የሚወርደው በግራ በኩል፣ ከአስፋልቱ ርቆ ነው። ሕፃናትን ጥላ ፈልጉላቸው።

ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማንም አይንካው! ውስጡ ያለው ከሚፈላ ውሃ በላይ የሞቀ ነው፤ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል። ሲከፈትም በወፍራም ጨርቅ፣ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ዞሮ ይተንፍስ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ሲበርድ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጥቂት በጥቂት ይጨመር።

የተቃጠለ ሰው ቢኖር ቁስሉ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ መውሰድ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ዱቄት አይቀባም።

ሁለት ጀሪካን ይያዝ፤ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለሰው። የሰውን ውሃ ራዲያተር የጠጣበት ቀን በዚያ በረሃ ረጅም ቀን ነው። የኩላንት ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ ለመጠጥ ውሃ አይሁን። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃንም ፍየልም ሊጠጣው ይችላል። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት፣ መሬት ላይም አትድፉት።

በሁለት ቋንቋ መካከል

ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው «ቴስታታ»፣ «ቺንጋ» እያልን፣ ከጣልያን በወረስነው ቃል ነው። ከድንበሩ ወዲህ ያለው መካኒክ ግን ፉንዲ ነው፣ ቃሉም ሌላ ነው። «ጋሪ ኢናቼምካ» ካላችሁት መኪናው ይፈላል ማለታችሁ ነው፤ «ማጂ ኢናቩጃ» ማለት ውሃ ያፈሳል ነው፤ ራዲያተር «ሬጄታ» ይባላል። ከዚህ ጋር መቼ እንደሚሞቅ መናገር ከቻላችሁ፣ ፉንዲው እንደሚያውቅ ሰው ያያችኋል፤ ሞተር ለመክፈትም አይቸኩልም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም «አሳየኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ሙያ ለመማር የምታስቡ ወጣቶችም፣ ወንድ ሴት ሳትሉ፣ ከዚህ ጀምሩ። መፍቻ ከመያዝ በፊት መጠየቅን የለመደ መካኒክ ደንበኛ አያጣም። ባለ መኪና ያልሆናችሁም ብትሆኑ፣ ነገ ልጃችሁ ታሞ የምትሳፈሩበትን መኪና ሹፌር ከመነሣታችሁ በፊት «ውሃውን አየኸው ወይ ወንድሜ?» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ቸር እንሰንብት።