በውሃ ብቻ የተረጨው መደብ

ጽጌረዳ እርሻ ላይ በምንሠራ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ላይ የባዮስቲሙላንት ናሙና ጠፍቶ አያውቅም። ከባሕር አረም የተጨመቀው አለ፤ አሚኖ አሲድ፣ ሲሊከን ወይም ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትም አለ። ሻጮቹ ግን የሚሉት አንድ ነው፦ «ተክሉን ያጠነክራል፤ ፓውደሪንም ይቀንሳል።» ተክል ማጠንከሩን እቀበላለሁ። ፓውደሪን፣ ማለትም ቅጠሉን በነጭ ዱቄት የሚሸፍነውን የፈንገስ በሽታ፣ መቀነሱ ግን በራሳችን ግሪን ሃውስ ሳይፈተን የርጭት ፕሮግራም ውስጥ መግባት የለበትም ባይ ነኝ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የማዳበሪያ ደንብ የባዮስቲሙላንትን ሥራ ዘርዝሯል። ንጥረ ነገርን በሚገባ መጠቀም፣ ድርቅንና ሙቀትን መቋቋም፣ የምርት ጥራት ተካተዋል፤ በሽታ መከላከል ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ አይሸጥም። ስለዚህ «ፈንገስ ይከላከላል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ማስረጃውን ማሳየት አለበት።

ማስረጃው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በማነጻጸሪያው መደብ ላይ ነው። ፓውደሪ ከሌሎች የቅጠል ፈንገሶች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ዘሩ ለመብቀል እርጥብ አየር እንጂ ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ አይፈልግም። እንዲያውም ውሃ ይጎዳዋል፣ ያጥበዋልም። አንዱን መደብ ምርቱን በውሃ በጥብጠን ብንረጭ፣ ሌላውን ምንም ሳንረጭ ብንተወው፣ ከምናየው ልዩነት ውስጥ የውሃው ድርሻ ስንት እንደሆነ በምን እናውቃለን? ለዚህ ነው በተመሳሳይ ኖዝል፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በውሃ ብቻ የሚረጭ መደብ የግድ የሚያስፈልገው። ምንም ያልተረጨውም አብሮ ይኑር። በግቢ ጽጌረዳ ላይ ክረምት የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይይዛል፤ አመሻሽ ላይ መርጨት ሊያባብሰው ይችላል።

መደቦቹን በዕጣ እንደለድላለን፤ እያንዳንዱ ሕክምና ቢያንስ አራት ቦታ ይደገማል። በር አጠገብ ያለው መደብ ከመሀሉ ጋር አንድ አይነት አየር አያገኝምና ለአንዱ ምርት ብቻ መስጠት አድልዎ ነው። ቅጠሉን የምታየው ስካውት የትኛው መደብ ምን እንደተረጨበት አታውቅም፤ የምታየው ቁጥር ብቻ ነው። አንዴ ለጋውን ቅጠል ገልብጣ፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ ወደ ሐምራዊ ያደላውን ከሥሩ በአጉሊ መነጽር ስታይ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ምንድን ነው የተረጨበት?» አለችኝ። «መጀመሪያ ነጥብሽን ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። ስሙን ቀድማ ብትሰማ ኖሮ ነጩ ዱቄት ከቅጠሉ ስንት እጅ እንደሸፈነ የምትገምተው በዚያው ዓይን አይሆንም ነበር።

ከፈተንናቸው ውስጥ ተስፋ የጣልኩት ፖታሲየም ሲሊኬት ላይ ነው። በሽታው ሳይጀምር ሲሰጥ ይቀንሰዋል፤ ከያዘ በኋላ ግን አያድንም። ቅጠል ላይ ሲረጭ ነጭ ምልክት ስለሚተው፣ ለቆረጣ በደረሰ አበባ ላይ ገዥ አይቀበለውም። አሚኖ አሲድ የበዛበትን በጥንቃቄ አየዋለሁ። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ለጋ ቅጠል ይገፋል፤ ፓውደሪ ደግሞ የሚወደው ለጋውን ነው። ፎስፋይት ዳውኒ የተባለውን ሌላ የቅጠል በሽታ እንደሚቆጣጠር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የአውሮፓው ደንብ ፎስፎኔትን (ፎስፋይትም የዚሁ ወገን ነው) ሆን ብሎ ማዳበሪያ ውስጥ መጨመርን ይከለክላል። ስለዚህ ፎስፋይት ያለበት ጠርሙስ ባዮስቲሙላንት ተብሎ ሲመጣ ይዘቱን ሳልጠይቅ አልቀበልም።

ያልተረጨው መደብ ካልታመመ ሙከራው ምንም አልነገረንም፤ በሽታው በሚበረታበት ወቅት ይደገም። የእርሻ ባለቤቶችም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ለሙከራ የተተወ የታመመ መደብ ስታዩ «ለምን አልታከመም?» ብላችሁ አታስረጩት። ሻጭ የውጤት ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣም ከዋጋው በፊት በውሃ ብቻ የተረጨውን መደብ ውጤት ጠይቁት።