«ጥንካሬ» የሚለው ቃል በአረብ ብረት ሙያ

ለቴክኒክ መጻሕፍት ተርጓሚዎች «ጥንካሬ» የሚለው ቃል ምቹ መስሎ ይታያል፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ምቹነቱ ነው። አረብ ብረት ሲወጋ አለመሰርጎዱ፣ ሲሳብ አለመበጠሱ፣ ሲመታ አለመሰበሩና ሸክም ሲያርፍበት አለመለጠጡ አራት የተለያዩ ጠባዮች ሲሆኑ፣ በአማርኛ ጽሑፎች ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ በአንድ ቃል ይጠቀሳሉ።

ልዩነቱን ገሃድ የሚያወጣው ብረትን በሙቀት የማበጀት ሥራ ነው። 0.8 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው አረብ ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የአቶሞቹ አሰላለፍ ተለውጦ ኦስተናይት ይሆናል፤ ካርቦኑም በውስጡ ይሟሟል። ብረቱ በምድጃው ውስጥ ቀስ ብሎ ቢበርድ ካርቦኑ ለመለየት ጊዜ ስለሚያገኝ ይለሰልሳል። በድንገት ውሃ ውስጥ ቢነከር ግን ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ይታገታል፤ ማርተንሳይትም ይፈጠራል። በሮክዌል ሲ መለኪያ 65 ያህል የሚደርሰውን ይህን ብረት ሞረድ አይበላውም፤ በመዶሻ ቢመታ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለሆነም እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ150 እስከ 650 ዲግሪ ባለው ሙቀት መልሶ ይሞቃል፤ በአብዛኛውም ከመጀመሪያው ጠባይ ጥቂት ተቀንሶ ስብራትን የመቋቋም ኃይል ይገኝበታል። ለመለጠጥ እንቢ ባይነቱ ግን በዚህ ሁሉ ሂደት እምብዛም አይለወጥም።

መለኪያዎቹም እንዲሁ ይለያያሉ። ብሪኔል እ.ኤ.አ. በ1900 ያስተዋወቀው ዘዴ ድቡልቡል ብረት በመጫን የሚቀረውን ስርጉድ ይለካል፤ ሌላው ዘንግን እስኪበጠስ ይስባል፤ የሻርፒ መሣሪያ ደግሞ በሚወዛወዝ መዶሻ ይሰብራል። በተለያየ መለኪያ የሚለካ ነገር በተለያየ ስያሜ መጠራት ይገባዋል እንላለን።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጠባይ «ጥጥረት»፣ ለሁለተኛው «ጥንካሬ»፣ ለሦስተኛው «ቻይነት»፣ ለአራተኛው «ግትርነት» እንዲባል እናሳስባለን። «ጠጣር» ለቁስ አካል ሁኔታ አስቀድሞ ስለተያዘ «ጥጥረት» ጠጠረ ከሚለው ግስ በሌላ ቅርጽ ቢወጣ አያደናግርም። የሥራውን ስም «የሙቀት ሕክምና» ማለት አንባቢን ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳል፤ «በሙቀት ማበጀት» ይሻላል። ኦስተናይትና ማርተንሳይት ግን ከሮበርትስ ኦስተንና ከማርተንስ ስም የወጡ በመሆናቸው ባሉበት ይቆዩ።

«መሮው እንዲጠነክር ንከረው» ተብሎ የተጻፈለት ሠራተኛ መልሶ ማሞቁን ቢተወው አይፈረድበትም፤ ከመሮው የሚፈናጠረው ስባሪ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።