ጉበት ጤነኛ ሆኖ አሞኒያ ሲበዛ

ሳንባ የተተከለለት ታማሚ ቀዶ ሕክምናው ሰምሮለት በማገገም ላይ ሳለ ድንገት ንግግሩ ይዘባረቃል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ቤተሰቡን መለየት ያቅተዋል። ቶሎ ካልታከመ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስትና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ደሙ ሲመረመር የአሞኒያ መጠኑ ከልክ አልፎ ይገኛል።

አሞኒያ ፕሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ሲፈርስ የሚፈጠር መርዛማ ነገር ነው። ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ዩሪያውን ደግሞ ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። ስለዚህ አሞኒያ ሲከማች ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ጉበትን ነው። በእነዚህ ታማሚዎች ግን ጉበቱ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 አሜሪካ ቺካጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ችግሩን ዩሪያፕላዝማ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር አያያዙት። ባክቴሪያው በብዙ ጤነኛ ሰዎች የሽንትና የመራቢያ አካላት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ኃይል የሚያገኘው ዩሪያን አፍርሶ ነው፤ ከዚያም የሚወጣው አሞኒያ ነው። ጉበት ለፍቶ የለወጠውን መልሶ ያፈርስበታል ማለት ነው። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይቃወም የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስድ ባክቴሪያው ያለ ከልካይ ይራባል።

አስቸጋሪው ነገር መደበቁ ነው። በተለመደው የካልቸር ምርመራ አይገኝም፤ የሚያጋልጠው ፒሲአር ነው። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊንና መሰሎቹ አይነኩትም። ሐኪሞች እንደ ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን ያሉትን ያዛሉ። የደም እጥበት አሞኒያውን ቢቀንስም ምንጩን አያደርቅም።

ችግሩ በብዛት የታየው በሳንባ ቢሆንም ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎችም ላይ አጋጥሟል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም ወዲህ፣ ወደ ውጭ ሄደው ከታከሙት ጋር፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ቤተሰቦች አሉ። አስታማሚዎች የታማሚው አነጋገር ወይም ባህርይ ሲለወጥ «ድካም ነው» ብለው ማደር የለባቸውም፤ በዚያው ዕለት ወደሚከታተለው ሐኪም ይውሰዱት፤ አሞኒያው ተለክቶ እንደሆነም ይጠይቁ። ከመድኃኒት ቤት በራስ ውሳኔ አንቲባዮቲክ መግዛት ግን አይገባም። አንዳንዶቹ ንቅለ ተከላውን የሚጠብቀውን መድኃኒት በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ከፍ በማድረግ የተተከለውን ኩላሊት ራሱን ይጎዳሉ።