«ንጹሕ ጤፍ ነው» ሲሏችሁ፦ ሲሊያክ ያለበት ሰው ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ምን ይጠይቅ?

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይሄ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን ፈትሸው፣ ሲሊያክ ያለበትን ሰው የመከላከያ ሕዋሳት የሚቀሰቅስ ነገር አላገኙባቸውም። ታዲያ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ የሲሊያክ ታማሚ ሐበሻ ምግብ ቤት እንጀራ በልቶ ለምን ይታመማል? ለዚህ መልስ ለማግኘት እህሉ ከወፍጮ ተነስቶ ትሪ ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ በሽታው በአጭሩ። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ፣ እንዲሁም ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ራሱ የመከላከያ ሥርዓት በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይዘምታል። ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶች ይረግፋሉ። ከዚያ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት፣ በልጆች ላይ የእድገት መቀጨጭ ይከተላል። በብዙ አገሮች ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። አስቸጋሪው ነገር፣ አንዳንዱ ሰው ምንም ሳያመው አንጀቱ ሊጎዳ መቻሉ ነው። ስለዚህ «በላሁት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። (በሽታው አለብኝ ብላችሁ የምትጠረጥሩ ደግሞ፣ ከደም ምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ አታቁሙ። ካቆማችሁ ምርመራው ሊስት ይችላል።)

ስንት ቢበላ ነው የሚጎዳው? እዚህ ጋ ቁጥር ያስፈልገናል። በአሜሪካም በአውሮፓም «ከግሉተን ነጻ» የሚባል ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይፈቀድም። 300 ግራም የሚመዝን እንጀራ ልኩ ላይ ቢሆን 6 ሚሊግራም ይይዛል ማለት ነው። ለአብዛኛው ታማሚ በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ድረስ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ አይታሰብም። በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግን አንጀትን እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል።

አሁን ያንኑ እንጀራ እንውሰድ። ውስጡ 100 ግራም ገደማ ደረቅ ዱቄት አለ እንበል። ሊጡ እንዲያያዝ ወይም ወጪ ለመቆጠብ ከዱቄቱ አንድ አሥረኛው ስንዴ ቢሆን፣ 10 ግራም የስንዴ ዱቄት ገባ። ከስንዴ ዱቄት 9 በመቶ ያህሉ ግሉተን ነው። ስለዚህ 900 ሚሊግራም፣ ከተፈቀደው 150 እጥፍ። በዓይን ብታዩት ደግሞ ምንም አይለይም፤ እንዲያውም ዓይኑ ያማረ እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ውጭ አገር ጤፍ ውድ ስለሆነ መደባለቅ የተለመደ ነው። ሁሉም ቅልቅል ግን አንድ አይደለም። ሩዝ፣ በቆሎና ማሽላ ግሉተን የላቸውም። ገብስ፣ የስንዴ ዱቄትና ያ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው ዱቄት አላቸው። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአገሪቱ የአለርጂ መለያ ሕግ ስንዴ እንዲጻፍ ያስገድዳል እንጂ ገብስን አይጨምርም። የታሸገ እንጀራ ላይ «ስንዴ አለው» የሚል ማስጠንቀቂያ አጥታችሁ ደስ ቢላችሁ፣ ገብሱ ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። የግብዓት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ይሻላል፤ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ቤቶችም ጭምር ግሉተን ስላላቸው እህሎች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

እንጀራው በእውነት ንጹሕ ጤፍ ነው እንበል። የሚቀጥለው ጥያቄ እርሾው ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። እርሾ ካለፈው ሊጥ ይተርፋል፣ ወደ አዲሱ ይገባል። ወጥ ቤቱ ሰኞ ቅልቅል ጋግሮ ማክሰኞ «ለእንግዳ» ንጹሕ ጤፍ በዚያው እርሾ ቢያቦካ፣ የሰኞው ስንዴ ማክሰኞ ሊጥ ውስጥ አለ። ለስሌት ያህል የአዲሱ ሊጥ 10 በመቶ ከድሮው የመጣ ነው ብንል፣ ከላይ ያለው እንጀራ በኪሎ 3000 ሚሊግራም ነበር፤ በሚቀጥለው ቡሆ 300 ይሆናል፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 3። ያም ማለት ከልኩ በታች የሚወርደው በሦስተኛው ንጹሕ ቡሆ ነው፣ እሱም በመሐል ሌላ ቅልቅል ካልገባ። መፍላቱ ያጠፋዋል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ተራ እርሾ የተወሰነውን ይሰባብር ይሆናል፣ ግን እስከ 20 ያወርደዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። አብሲቱ ቢፈላ፣ ምጣዱ ቢግል ግሉተን ጀርም አይደለምና በሙቀት አይሞትም።

ከእርሾ ቀጥሎ ዕቃ። ብረትና ብርጭቆ በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠበ ይጸዳል። ሰፌድ፣ የእንጨት ዕቃና የማሰሻ ጨርቅ ግን ዱቄትና ሊጥ ይዘው ይቀራሉ። የሸክላ ምጣድም ላዩ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ እንደ ብረት አይታመንም።

ወጡስ? ሽሮና በርበሬ በተፈጥሯቸው ችግር የለባቸውም፤ ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ ከተፈጩ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥብስ ላይ የአኩሪ አተር ሶስ የሚጨምሩ አሉ፤ በብዛት የሚሸጠው ሶስ ስንዴ አለበት። ድንች ጥብስ ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከወጣ አይሆንም። ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ ገንፎና በሶ ከምን እህል እንደተሠሩ ሳትጠይቁ አትንኩ። ቡላና ቆጮ ከእንሰት ስለሆኑ ጥሩ ናቸው። ጠላ በብቅል ነው፤ ይቅርባችሁ። ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ብቻ ከሆነ ይጠጣል። አረቄ ከብቅል ቢነሳም ፕሮቲን በእንፋሎት ተሻግሮ አይወጣም፣ ከተጣራ በኋላ ሌላ ነገር ካልተጨመረበት።

ይህን ሁሉ ለአስተናጋጅ እንዴት ትነግሯታላችሁ? «ግሉተን ፍሪ ነው?» ብትሏት «አዎ፣ ጤፍ ነው» ትላችኋለች፣ ከልቧ። «አዎ» ወይም «አይ» የማያስመልስ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እህቴ፣ ሊጡ ውስጥ ምን ምን ይገባል? እርሾው ከየትኛው ሊጥ ነው? የሚጋግረው ማነው፣ እዚሁ ነው ወይስ ተገዝቶ ይመጣል?» ማስረዳት ካቃታችሁ ደግሞ የኛ ወጥ ቤት አስቀድሞ የሚያውቀው ቋንቋ አለ። «ለኔ ስንዴና ገብስ ልክ እንደ ፍስክ ቁጠሪው፤ የጾም ወጥ በፍስክ ጭልፋ እንደማይነካው ማለት ነው።» ለጾም ድስትና ጭልፋ መለየት የለመደ ወጥ ቤት፣ አምስት ደቂቃ የሳይንስ ማብራሪያ ከመስማት ይልቅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ከባለቤቷ ወይም ከምታበስለዋ ጋር የመነጋገር ዕድል ይኖራችኋል። የለውዝ ወይም የሰሊጥ አለርጂ ያለባችሁም በዚሁ መንገድ ጠይቁ፤ የእናንተ አደጋ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ ስለሆነ ግን መድኃኒታችሁን ሳትይዙ አትውጡ።

የቀረው ገበታው ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው። ትሪው አንድ ነው፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ቅልቅል እንጀራ በነካ እጁ ከዚያው ወጥ ይጠቀልላል፣ ቀጥሎ ጉርሻ ይዘረጋል። የአክስታችሁን ጉርሻ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ከመቀመጡ በፊት ብቻችሁን የሚቀርብ ሰሃን እዘዙና ምክንያቱን ያኔውኑ ተናገሩ፤ ጉርሻው አፋችሁ ጋ ከደረሰ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። አክስት ካልተዋጠላት፣ ጉርሻውን ራሷ ከእናንተ ሰሃን፣ ከእናንተ እንጀራ፣ እጇን ታጥባ ትጠቅልልላችሁ።