የሒሳብ መዝገቡን በኢንተርኔት ለሚያስይዝ ነጋዴ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ብሂል የደዶ ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በመኸር ወራት አንድ ቡና ሰብሳቢ በየቀኑ ከብዙ ገበሬዎች ዘንድ እሸት ቡና ይገዛል፤ ለአንዱ ቀብድ ይሰጣል፣ ከሌላው በዱቤ ይቀበላል፤ የጫኝና የአውራጅ ዋጋ ይከፍላል፤ ጀንፈሉንም ወደ ጅማ ይልካል። ይህ ሁሉ በደብተር ሲጻፍ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ መዝገቡን በኢንተርኔት የሚይዙ አገልግሎቶች ለትንሹም ሱቅ ቀርበዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ግዢውንና ሽያጩን በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ያስገባል፤ ጽሑፉ ግን የሚቀመጠው አገልግሎቱን በሚሰጠው ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው። በዚህም በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ከሚሠራው ከተለመደው ፒችትሪ ይለያል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ሱቁ ቢቃጠል መዝገቡ አይጠፋም። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ ቢዘጋስ?

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። መቀመጫውን በካናዳ ቫንኩቨር ያደረገውና የብዙ ሺህ አነስተኛ የአሜሪካ ድርጅቶችን ሒሳብ ይይዝ የነበረው ቤንች የተባለ ኩባንያ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም ሥራውን ማቆሙን በድንገት አስታወቀ። የፈረንጆቹ ዓመት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደንበኞቹ መዝገባቸውን አጥተው ተጨነቁ። ከቀናት በኋላ ሌላ ኩባንያ ቢገዛውም፣ ሁኔታው ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ አገልግሎት የሚመርጥ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ «መዝገቤን በፈለግሁ ጊዜ በሙሉ ማውጣት እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አዎን ከሆነ፣ በየወሩ መጨረሻ በኤክሴል አውጥቶ በራሱ ኮምፒውተርና በፍላሽ ያስቀምጥ፤ ዋናውንም ክፍል በወረቀት ያትም። ይህን ሕጉም ይጠይቃል። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ ሰነዶቹን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲይዝ፣ ቢያንስም ለ5 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዛል። መዝገቡ በባሕር ማዶ ብቻ የተቀመጠ ነጋዴ ለመርማሪ የሚያቀርበው ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ብዙዎቹ የውጭ አገልግሎቶች ግን የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቈጣጠር ብቻ ነው። ዓመቱን ሐምሌ ላይ ለመክፈት የሚፈቅድ መሆኑንና 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለይቶ ማሳየቱን መመርመር ይገባል።

ሦስተኛው ዋጋው የሚከፈልበት ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፍል ሰው 1,140 ብር ያወጣ የነበረው፣ አገልግሎቱ ሳይጨምር ከ2,000 ብር በላይ ማውጣት ግድ ሆነበት። በብር የሚከፈል አገልግሎት ከተገኘ ከዚህ ጭንቀት ያድናል።

አራተኛው የመብራትና የኔትዎርክ መቋረጥ ነው። መስመር በሌለበት ሰዓት የተጻፈውን ይዞ ቆይቶ፣ መስመሩ ሲመለስ የሚያስተላልፍ አገልግሎት ለገጠር ገበያ ይመረጣል። ይህም ሆኖ የዕለቱ ደብተር ከሚዛኑ አጠገብ ባይታጣ መልካም ነው፤ ሕጋዊውንም ደረሰኝ የሚተካ መዝገብ የለም።

እንግዲህ ነጋዴው አንድ ወር ያህል በአሮጌው ደብተርና በአዲሱ አገልግሎት ጎን ለጎን ይሥራ። የሁለቱ ድምር ከተስማማና መዝገቡን አውጥቶ በእጁ ካስገባ በኋላ ቢዋዋል አይጸጸትም። ጽሕፈቱን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ የመዝገቡ ባለቤትነት ግን ከነጋዴው እጅ ሊወጣ አይገባም።