ኮርኒስ ላይ የምትሮጠው ማን ናት?

በሐረርጌዋ ገለምሶ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ከተሰፋው ኮርኒስ በላይ የሚሰማው ሩጫ ለማንም አዲስ አይደለም። «ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ መልሱ አንድ ነው፤ በአማርኛ «አይጥ»፣ በኦሮምኛ «ሀንቱታ»። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት እንስሳት ግን ከአንድ በላይ ናቸው። ጠባያቸው ስለሚለያይ፣ ለአንዷ የሠራው ዘዴ ለሌላዋ ላይሠራ ይችላል።

ትንሿ የቤት አይጥ ከ12 እስከ 30 ግራም ብትመዝን ነው። እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትሾልካለች። በቀን 3 ግራም ያህል ምግብ ስለሚበቃት ምንጣፍ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ያኖራታል፤ ውሃ ባታገኝም ብዙ አትቸገርም። ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ደግሞ ከእርሻ በፊት ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ገና ማረስ ሳያውቁ፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ቦታ መርጋት ሲጀምሩ አብራቸው ገብታለች። እርግዝናዋ 3 ሳምንት ነው፤ በአንዴ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፤ ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ።

ኮርኒሱን እያንቋቋች የምትሮጠው ግን ብዙ ጊዜ ትልቋ፣ የጣሪያ አይጥ የምትባለው ናት፤ አንዳንዱ አይጠ መጎጥ ይላታል። የትውልድ አገሯ ሕንድ አካባቢ ነው፤ በመርከብ ዓለምን አዳርሳለች። በግድግዳም በገመድም ትወጣለች። ከትንሿ የሚለያት ዋናው ጠባይ ጥርጣሬዋ ነው። ትንሿ አዲስ ነገር ስታይ ልትፈትሽ ትጠጋለች፤ ትልቋ ለቀናት ትሸሸዋለች።

ሦስተኛዋ የማሳ አይጥ ናት። ሴቷ ከ16 እስከ 24 ጡት ስላላት ሳይንሱ ባለብዙ ጡት ይላታል፤ 10 እና ከዚያ በላይ መውለድ ለእሷ ተራ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለ ከቤልጅየማዊው ሄርቪግ ሌይርስ ጋር በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። በጥናቱ እንደታየው የዚህች አይጥ እርባታ ዝናብን ይከተላል። ማሽላው ሲታጨድና ማሳው ባዶ ሲሆን እህሉን ተከትላ ወደ ቤት ትመጣለች።

ቤታችንም በሩን ከፍቶ ነው የሚጠብቃት። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ላይ ገለምሶ የጫት ከተማ ናት፤ ከበርጫ በኋላ ፍራሹና ምንጣፉ ሥር ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ገለባና ስኳር አይጠፋም። ገራባው ይጠረጋል፤ ኦቾሎኒው ግን ፍራሹ ሥር ተሸሽጎ ያድራል። እንደ እኔ ከሆነ ከወጥመዱም ከመርዙም በፊት የሚመጣው ሥራ ይህን ማታውኑ መጥረግና ቀዳዳውን መድፈን ነው። ጭቃ ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ስትቦረቡር ነው የምትውለው። ድስት የሚፈገፈግበትን የብረት ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ ወይም ጭቃ መምረግ ይሻላል።

ስለ እህሉ ከተነሳ የሐረርጌ ገበሬ ከጥንት የያዘው አንድ ብልሃት አለ፦ የማሽላ ጉድጓድ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈርና በገለባ ተለብዶ፣ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ይደፈናል። ውስጥ ያለው እህልና ነፍሳት ሲተነፍሱ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ነቀዝም አይጥም እዚያ ሊኖሩ አይችሉም። ውሃ ከሰረገበት ግን እህሉ ይሻግታል። ሰውም ቢሆን የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ሳይናፈስ ከገባ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። አሁን አሁን የመጡት አየር የማያስገቡ የፕላስቲክ ከረጢቶች በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው፤ ነቀዝን በደንብ ይከላከላሉ፤ አይጥ ግን ትበሳቸዋለች። ስለዚህ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ወይም ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ባለና እግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ክብ በተገጠመለት ቆጥ ላይ ይቀመጡ።

የሽቦ ወጥመድ ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ የሚበላሸው በአጠማመዱ ነው። አይጥ በጢሟ ግድግዳ እየዳሰሰች ስለምትሄድ ወጥመዱን ከክፍሉ መሀል ሳይሆን ግድግዳ ሥር፣ ማባበያው ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሮ ማኖር ነው። ማባበያው የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይሁን፤ ሥጋ አያስፈልግም። ለተጠራጣሪዋ ትልቋ ግን ወጥመዱን ሳያጠምዱ ለጥቂት ቀናት ከነማባበያው መተው ነው። በልታ ስትለምደው ያጠምዱታል።

ድመትስ? ገለምሶ ላይ ድመት የተከበረች ናት፤ በእስልምና አፏ የነካው ውሃ እንኳ አይነጅስም። ትንሿን አይጥና የትልቋን ግልገሎች ትይዛለች፤ ሽታዋም ያስፈራል። ከጎልማሳ ትልቅ አይጥ ጋር ግን ግብግብ አትወድም። ኒውዮርክ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንድ የቆሻሻ ማዕከል የነበሩ የጎዳና ድመቶችን ለ79 ቀናት በካሜራ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ተገድለው የታዩት አይጦች 2 ብቻ ነበሩ።

መርዙ ላይ ግን ቆም ልበል። ገበያ ላይ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጥቁር ግራጫ ዱቄት ካጋጠመዎ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል። ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ማርከሻም የለውም። ለነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን በእርጥበት ብቻ ያንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ለአይጥ ብሎ መጣል ቤተሰብ መግደል ነው። ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባው እህል ብዙውን ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ነው። አይጧ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይታ፣ ምናልባትም እዚያው ኮርኒስ ውስጥ ትሞታለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የሞተችዋን የበላች የጎረቤት ድመትም አብራ ልትሄድ ትችላለች።

የአይጥ ኩስ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት፤ በበረኪና ውሃ አርጥበው፣ ጓንት ወይም ላስቲክ እጅዎ ላይ አድርገው ያንሱት።

ቤትዎ መርዝ ካለ ደግሞ ማሸጊያውን አይጣሉ። ልጅም ሆነ አዋቂ ቢውጠው «ደህና ነኝ» ቢልም አይጠብቁ። ደም የሚያቀጥነው መርዝ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፤ ለእሱ ቫይታሚን ኬ አለ፣ ለዱቄቱ ግን የለም። ለማስታወክ ሳይታገሉ ማሸጊያውን ይዘው ወዲያው ወደ ገለምሶ ወይም ወደ ጭሮ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የመርዙን ዓይነት ነው።