የአፈር ለምነት ጥያቄ በስሜን ግርጌ

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የዘመናትን የይዞታ ጥያቄ ከመሠረቱ ለውጦታል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» በማለት በአዲስ አበባ የተስተጋባው ድምፅ በዚያን ዕለት የሕግ ኃይል አገኘ። ይሁን እንጂ አዋጅ የባለቤትነትን ግንኙነት ይለውጣል እንጂ የደከመ አፈርን አያለመልምም። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ የአፈሩ ለምነትም የሕዝብ አደራ ነው።

ጉዳዩን ከተጨባጭ ሁኔታ ተነሥተን ለመመርመር ከጎንደር በስተሰሜን የሚገኙትን የዳባትንና የደባርቅን ደጋዎች እንመልከት። በስሜን ተራሮች ግርጌ የአርሶ አደሩ ኑሮ በገብስ፣ በስንዴ፣ በባቄላና በአተር ላይ የተመሠረተ ነው። ይዞታው ጠባብ፣ ተዳፋቱ ለጎርፍ የተጋለጠ፣ ደኑ የተመናመነ ነው። ማገዶ በመጥፋቱም ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ዋናው ቅራኔ እንግዲህ በምድጃና በማሳ መካከል ያለው ነው። ምንጩም የገበሬው ስንፍና ሳይሆን እጦቱ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አዝማሚያዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው መፍትሔውን ሁሉ ከማዳበሪያ ጆንያ የሚጠብቅ ነው። ከውጭ በሚገባ ማዳበሪያ ላይ ብቻ መተማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረትና በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የደረሰው እጥረት በሚገባ አስተምረውናል።

ሁለተኛው አዝማሚያ ጥራጥሬን ከብርዕ ሰብል ጋር አሰባጥሮ መዝራት ብቻውን ይበቃል የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ በባቄላና በአተር ሥር ላይ ባሉት እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ። በሆለታ የምርምር ማዕከል በገብስና በባቄላ ቅይጥ ላይ ተካሂዶ የታተመው ጥናትም ሰብሎቹን በአንድ ማሳ መዝራት ለየብቻ ከመዝራት ይልቅ መሬቱን በተሻለ እንደሚጠቀም አሳይቷል። ነገር ግን አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ቦታ እነዚያ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ለሰብሉ አይደርስም። እዚያ ኖራና ፍግ ካልታከሉ ባቄላው ራሱ ይቀጭጫል። ከዚህም በላይ ለስንዴና ለገብስ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ጥራጥሬውንም ስለሚያጠፋ ቅይጡ ማሳ የእጅ አረም ይጠይቃል።

ስለሆነም አሰባጥሮ መዝራትና አፈርን ማከም የማይነጣጠሉ የአንድ ትግል ሁለት ገጽታዎች ናቸው። አሮጌው የገበሬ ዕውቀት ለዚህ መነሻ ይሆናል፤ ባቄላንና አተርን ቀይጦ የሚዘራው የደጋ አርሶ አደር አንዱ ሰብል ሌላውን እንደሚደግፍ ከማንም በፊት ያውቃልና። የጎደለው የአቅም መደራጀት ነው። ለአንድ ሄክታር በቶን የሚለካውን ኖራ አንድ ገበሬ በአህያው ከጎንደር ሊያመላልስ አይችልም። ይህ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የመንግሥት ድርሻ ነው። የአረሙን ሥራ ደቦና ወንፈል ሊያቃልሉት ይችላሉ። ኩበት ከምድጃ ወጥቶ ፍግ ሆኖ ወደ ማሳ እንዲመለስ ደግሞ የማገዶ ዛፍ መትከልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ማዳረስ ግድ ይላል።

በመሆኑም በየቀበሌው የአፈሩ አሲዳማነት ይመርመር፤ ቅይጡ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ይፈተን፤ ውጤቱም በገበሬው ጎተራ ይመዘን። የዛሬው ትውልድ መሬቱን የተረከበው በትግል ነው። ለሚቀጥለው ትውልድ ሊያስረክበው የሚገባውም ድንጋዩ ያገጠጠ ተዳፋት ሳይሆን ሕይወት ያለው አፈር ነው።